ጎዳና ላይ ቆሻሻ መጣል፦ የሲንጋፖር፣ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የጃፓን አሠራር ሲገመገም

የጎዳና ጽዳት እንደ ውኃና እንደ መብራት ሁሉ ሕዝብ የሚገለገልበት አገልግሎት ነው። እንደማንኛውም አገልግሎት ሊገመገምም ይገባዋል። እዚህ የምናየው የአራት አገሮችን አሠራር ሲሆን፣ ለማነጻጸር ያህል ሌሎችንም እንጠቅሳለን። መመዘኛዎቻችን ጥቂት ናቸው። እጅ ላይ ያለውን ነገር የሚያኖሩበት ቦታ በቅርብ ይገኛል? የጣለ ሰው በእርግጥ ይያዛል? የተያዘው ሰው «አልጣልኩም» ቢል የሚሰማው አለ? ገንዘቡስ የት ይገባል? የቅጣቱን ትልቅነት ሆን ብለን መጨረሻ ላይ አስቀምጠነዋል። ማንም የማይያዝበት የሚሊዮን ቅጣት፣ በየቀኑ ሰው ከሚያዝበት የመቶ ቅጣት ያነሰ ኃይል አለውና። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲንጋፖር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ማስቲካን ነው። ማስቲካ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለው በ1992 ሲሆን፣ ከ2004 ወዲህ ለሕክምና የሚሆነው ዓይነት ብቻ ተፈቅዷል። ጎዳናውን ያጸዳው ግን የማስቲካው ክልከላ አይደለም። ነገሩ ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ የጽዳት ዘመቻውን ያስጀመሩት በኦክቶበር 1968 ነው። ዘመቻውን ሕግ ተከተለው፤ ሕጉን ደግሞ የሚያስፈጽም ሰው።

ዛሬ ያለው አሠራር እንዲህ ነው። የብሔራዊ አካባቢ ኤጀንሲ ደንብ አስከባሪዎች ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች ይቆማሉ። ከመካከላቸው የደንብ ልብስ የማይለብሱም አሉ። ሲጥል ያዩትን ሰው አስቁመው መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ መዝግበውም የክስ ወረቀት ይሰጡታል። የሲጋራ ቁራጭ ወይም የከረሜላ ወረቀት የጣለ ሰው፣ ጥፋቱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ 300 የሲንጋፖር ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ያለ ፍርድ ቤት ይዘጋለታል። ፍርድ ቤት የደረሰ እንደሆነ ግን ጣሪያው ለመጀመሪያ ጥፋት 2,000፣ ለሁለተኛ 4,000፣ ከዚያ በላይ ለደጋገመ 10,000 ዶላር ነው። እነዚህ ጣሪያዎች በ2014 በእጥፍ ያደጉ ናቸው።

ከገንዘቡ ይበልጥ የሚሠራው ግን የማረሚያ ሥራ ትእዛዝ የሚባለው ነው። በሕግ የገባው በ1992 ነው። ፍርድ ቤቱ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ጥፋተኛ ከ3 እስከ 12 ሰዓት ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ ቆሻሻ እንዲለቅም ያዝዛል። ጥፋተኛው ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ይለብስና መልቀሚያና ከረጢት ይዞ ይሰማራል። ለባለጸጋ 300 ዶላር ምንም ላይሆን ይችላል። አሥራ ሁለት ሰዓት በሰው ፊት አጎንብሶ የሲጋራ ቁራጭ መልቀም ግን ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል ይከብዳል። በእኛ ግምት ከሲንጋፖር አሠራር ሌሎች አገሮች ሊወስዱት የሚገባው ይኸው ሰዓት ነው።

ከፎቅ የሚወረወር ቆሻሻ ለብቻው የሚታይ ችግር ነው። ከላይ የወደቀ የሲጋራ ቁራጭ ከየትኛው መስኮት እንደመጣ ማንም በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ኤጀንሲው ከ2012 ጀምሮ ካሜራ እያቆመ ሕንፃዎችን ይቀርጻል። ካሜራው መስኮቱን ያሳያል፤ እጁ የማን እንደሆነ ግን አይነግርም። በጁላይ 2023 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን ክፍተት የደፈነው ሸክሙን በማዞር ነው። ቆሻሻው ከቤቱ እንደተጣለ ከታየ የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ እንደጣለው ይቆጠራል። በ14 ቀን ውስጥ በዚያ ሰዓት ቤት እንዳልነበረ ማስረዳት ወይም የጣለውን ሰው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ነጂው ያልተለየን መኪና በታርጋው እንደመክሰስ ያለ ነው። ጥብቅ አሠራር ነው፤ ቢሆንም ከሦስተኛ ፎቅ የሚወረወር ጠርሙስ ሰው ስለሚገድል አግባብነቱ ይታየናል።

የሲንጋፖር ድክመት በዓይን አይታይም። ከተማው በአብዛኛው የሚጸዳ ከተማ ነው። ነዋሪው ከመነሣቱ በፊት እጅግ ብዙ የጽዳት ሠራተኛ መንገዱን ጠርጎ ይጨርሳል። ይህ በአንድ በኩል ብልህነት ነው። በ2008 በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ የተደረገ ሙከራ ምክንያቱን ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ግድግዳ ሥር በቆሙ ብስክሌቶች መሪ ላይ ማስታወቂያ ወረቀት አንጠለጠሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት ላይ የጣለው ከመቶ 33 ሰው ነበር፤ ያው ግድግዳ በቀለም ሲዥጎረጎር ቁጥሩ 69 ደረሰ። ቆሻሻ ቆሻሻን ይጠራል ማለት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ማጽዳት ደግሞ መጣልን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሌላ ሰው እንደሚያነሣለት የለመደ ነዋሪ እጁ ይሰንፋል። መንግሥቱም ይህን ያውቀዋል። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በሕዝብ መመገቢያ አዳራሾች የበላበትን ትሪ የማይመልስ ሰው መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከደገመ 300 ዶላር ያገኘዋል። ከአምሳ ዓመት የጽዳት ዘመቻ በኋላ ለትሪ ሕግ ማስፈለጉ ብዙ ይናገራል። ከአምስት አራት ሰጥተነዋል።

የእንግሊዝ ሕግ ወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ተብራርቶ የተጻፈ ነው። በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቆሻሻ ጥሎ መሄድን ወንጀል ያደርገዋል፤ የፍርድ ቤት ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። «የሲጋራ ቁራጭም ቆሻሻ ነው እንዴ?» የሚለውን ክርክር የ2005 ማሻሻያ ዘግቶታል፤ የሲጋራ ቁራጭና የታኘከ ማስቲካ በስም ተጠቅሰዋል። ያው ማሻሻያ ሕጉን ወደ ግል መሬትና ወደ ውኃም አስፍቶታል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ከመኪና መስኮት የተጣለ ነገር ካለ የመኪናው ባለቤት በታርጋው ተፈልጎ ይጠየቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ወረቀቱ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ደንብ አስከባሪው የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት ብዙውን ጊዜ 100 ፓውንድ የሚያስከፍል ነበር። ከጁላይ 2023 ጀምሮ የከተማ ምክር ቤቶች ከ65 እስከ 500 ፓውንድ ባለው ክልል የራሳቸውን ዋጋ መተመን ይችላሉ። በመሆኑም ያው የሲጋራ ቁራጭ በአንዱ ወረዳ የሚያስከፍለው በአጎራባቹ ከሚያስከፍለው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የመክፈያው ጊዜ 14 ቀን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ይህ ወረቀት እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት በሕግ የተደራጀ ይግባኝ የለውም። ወረቀቱ የሚለው «ከፍለህ ከክስ ዳን» ነው። አልጣልኩም የሚል ሰው ያለው መንገድ አለመክፈልና ምክር ቤቱ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው መጠበቅ ነው። እዚያ ከተረታ ጣሪያው 2,500 ስለሆነ ንጹሕ ሰው እንኳ ፈርቶ ይከፍላል። ወረቀት የደረሰው ሰው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የጣለው ነገር ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ በአቅራቢያው የቆሻሻ መጣያ እንደነበረና እንዳልነበረ በዚያው ዕለት መዝግቦ ፎቶ ማንሣት አለበት። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ የሚይዙ ከሆነም ምስሉን በቶሎ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቀረጻ ለዘላለም አይቀመጥምና።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። በርካታ ምክር ቤቶች ሥራውን ለግል ድርጅት በኮንትራት ይሰጣሉ፤ በአንዳንዶቹ ውል የድርጅቱ ገቢ ከሚጻፈው ወረቀት ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። በወረቀት ብዛት የሚከፈለው ሰው የት እንደሚቆም መገመት አያስቸግርም፤ አጫሾች በሚበዙበት የባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው። በመኪና ጭኖ ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ የሚገለብጠውን ሰው መያዝ ሳምንታት ስለሚፈጅ ለእሱ አያዋጣውም። የመንግሥት መመሪያ ቅጣት የገቢ ማግኛ ተደርጎ መወሰድ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል፤ ሳያስበው ዕቃ የወደቀበት ሰውም መቀጣት የለበትም። የክፍያው ውልና መመሪያው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ለሕጉ አራት፣ ለአፈጻጸሙ ሁለት።

ጀርመን በጣለ ሰው ላይ ቅጣት የላትም ማለት አይደለም፤ ከተሞቿ ይቀጣሉ። የጀርመንን አሠራር የምናደንቀው ግን ቀጪ ሳያስፈልግ ስለሚሠራው ስለ ማስያዣው ነው። ከጃንዋሪ 2003 ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠጥቶ የሚጣል ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ 25 የዩሮ ሳንቲም ተጨምሮ ይከፈላል፤ ባዶው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ጋዝ የሌለው የጭማቂ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከግዴታው ውጭ ነበር፤ በ2022 ገባ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ወተት በ2024 ተጨመረ። ግዴታው ከ0.1 እስከ 3 ሊትር የሚይዙትን ይሸፍናል። የወይን ጠጅ ጠርሙስና የካርቶን ማሸጊያ ዛሬም ውጭ ናቸው።

እንግዳን ሁሉ የሚያሳስተው የዋጋው ተቃራኒነት ነው። 25 ሳንቲም የሚያዝበት ዕቃ የተሻለው ሳይሆን የባሰው ነው፤ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ከገባ በኋላ ተጨፍልቆ ይቀልጣል። ታጥቦ ደጋግሞ የሚሞላው የቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም፣ ለስላሳና ውኃ የሚሞላበት ደግሞ በአብዛኛው 15 ሳንቲም ብቻ ነው። የቢራ ሳጥኑ ራሱ 1.50 ዩሮ ይያዝበታል። ስለዚህ 20 ባዶ ጠርሙስ ከነሳጥኑ የመለሰ ሰው 3.10 ዩሮ ይመለስለታል።

አመላለሱ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ያፍስሱ። ጠርሙሱን አይጨፍልቁ፣ ወረቀቱንም አይላጡ፤ ማሽኑ ጠርሙሱን እያሽከረከረ የሚያነበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ባርኮድና የማስያዣ ምልክት ነው። ክዳኑ ላይ ቢቆይ ችግር የለውም። ዕቃውን በቂጡ በኩል በቀዳዳው ያስተኙ፣ ማሽኑ እስኪወስደው እጅዎን ያንሡ፤ ሁለት በአንዴ ማስገባት ማሽኑን ያቆመዋል። ሲጨርሱ ቁልፉን ተጭነው ደረሰኝ ይቀበሉና በዚያው መደብር ለካሸር ይስጡ፤ ከሚገዙት ዕቃ ይቀነሳል ወይም በጥሬው ይሰጥዎታል። ደረሰኙ በወቅቱ ባይመነዘር በሕግ ለሦስት ዓመት ያህል መብትዎ አይጠፋም፤ ግን የደረሰኝ ቀለም እየደበዘዘ ስለሚጠፋ በዚያው ቀን መመንዘሩ ይሻላል።

ማሽኑ አልቀበልም የሚልባቸው ምክንያቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ጠርሙሱ ተጨማድዷል፣ ወረቀቱ ረጥቦ ተልጧል፣ ውስጡ ፈሳሽ ስላለ ከብዷል፣ ወይም ከጎረቤት አገር የተገዛ ስለሆነ የጀርመን ምልክት የለውም። የመጨረሻው በጭራሽ አይመለስም። ለመጨማደድ ግን መፍትሔ አለው፦ ምልክቱ እስከታየ ድረስ ሻጩ የመቀበል ግዴታ ስላለበት በእጅ ለካሸሩ ይስጡት። ሌላው የሚያከራክር ነገር የመደብሩ ስፋት ነው። ከ200 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ መደብር ፕላስቲክ የሚሸጥ ከሆነ የሌላ ድርጅትንም ፕላስቲክ ይቀበላል፤ ከዚያ ያነሰው ሱቅ ራሱ የሚሸጣቸውን ምርቶች ብቻ መቀበል ይችላል። ትንሽ ሱቅ ፊት ቆሞ ከመሟገት ወደ ትልቁ መሄድ ጊዜ ያተርፋል።

ውጤቱ የሚገርም ነው። ማስያዣ ካለባቸው ዕቃዎች 98 በመቶ የሚሆኑት ይመለሳሉ። ሰነፉ ሰው ቢጥለው እንኳ ሌላው ያነሣዋል፤ 25 ሳንቲም መሬት ላይ አይቆይም። ብዙ ሰዎች ጠርሙሱን መጣያው ውስጥ ከመክተት ይልቅ ከጎኑ ያቆሙታል፤ ለቃሚው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጨምር ማሰባቸው ነው። ይህ ልማድ ደግ ቢሆንም የአሠራሩን አሳዛኝ ገጽታ ያሳያል፦ ከተማውን ከሚያጸዱት መካከል ጡረታቸው ያልበቃቸው ሰዎች አሉበት። ደግሞም ሕጉ ሲወጣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚሞላው ጠርሙስ ይበረታታል ተብሎ ነበር፤ ያ አልሆነም፤ ድርሻው ቀንሷል። በጎዳና ጽዳት በኩል ግን ከአምስት አምስት ያለምንም ማቅማማት።

ማስያዣ ያለው አገር ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ገንዘቡ ከዋጋ ንረት ጋር እንደሚረክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ግዛት ሕጉን ያወጣችው በ1971 ነው፤ በ5 ሳንቲም ጀመረች፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሳትነካው ቆየች። ሳንቲሙ ረከሰ፣ ሰውም መመለስ ተወ። ሕጉ ግን አስቀድሞ አንድ ብልሃት አስገብቶ ነበር፦ የሚመለሰው በተከታታይ ሁለት ዓመት ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ማስያዣው ያለ ተጨማሪ ክርክር 10 ሳንቲም ይሆናል። በኤፕሪል 2017 እንዲሁ ሆነ፤ የመመለሻው መጠንም አንሠራራ። አየርላንድ በፌስታል ላይ ያየችው ከዚህ ጋር አንድ ነው። በማርች 2002 በአንድ ፌስታል 15 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ አንድ ሰው በዓመት የሚጠቀመው ከ328 ወደ 21 ወረደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ሳንቲሙን ለመደውና ቁጥሩ ወደ 31 ተነሣ፤ በ2007 ቀረጡን 22 ሳንቲም አደረጉት። አየርላንድ የጠርሙስና የቆርቆሮ ማስያዣም በፌብሩዋሪ 2024 ጀምራለች፦ እስከ ግማሽ ሊትር 15፣ ከዚያ በላይ 25 ሳንቲም። እንግሊዝ ግን በተደጋጋሚ አራዝማ ለኦክቶበር 2027 ቀጥራዋለች። ሰው አስቁመው ወረቀት ለመጻፍ ያልዘገዩ ምክር ቤቶች ያሉባት አገር ለዚህ ይህን ያህል መዘግየቷ ያስቆጫል።

ጃፓን የእንግዳን ትዕግሥት የምትፈትን አገር ናት። ጎዳናው ንጹሕ ነው፣ መጣያ ግን የለም። በማርች 1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የሳሪን መርዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ከየጣቢያው ብዙ መጣያ ተነሥቷል፤ ብዙው አልተመለሰም። ነዋሪው ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ ከሰማይ የወረደ ጠባይ አይደለም፤ ልጆች ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የራሳቸውን ክፍልና ኮሪደር በየዕለቱ ያጸዳሉ፣ የቆሸሸ ወለል የማን ሥራ እንደሆነ በእጃቸው ያውቁታል። እንግዳ ሰው ግን ይህ ልምድ የለውም። ስለዚህ ሁለት ትናንሽ ከረጢት ይያዝ፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ በጥብቅ የሚታሰር ሆኖ ለምግብ ትራፊ። ከመጠጥ መሸጫ ማሽን ጎን ያለው ሣጥን ለጠርሙስና ለቆርቆሮ ብቻ ነው፤ የምግብ ዕቃ ሲከቱበት ቀዳዳው ይዘጋና ጠርሙሱ መሬት ይቀራል። ይህን ለመከላከል በአንዳንድ ቦታ ቀዳዳው ወደ ታች ያዘነበለ አዲስ ሣጥን ተተክቷል። የቶኪዮው ቺዮዳ ወረዳ በ2002 መንገድ ላይ ማጨስን ከልክሎ 2,000 የን ያስከፍላል። ለነዋሪው አራት ተኩል፣ ለእንግዳው ሁለት ተኩል።

ሩዋንዳና ኬንያ የፌስታልን ነገር ከምንጩ ለማድረቅ መርጠዋል። ሩዋንዳ በ2008 ፌስታልን ከልክላ በኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ከሻንጣ ታወጣለች፤ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ኡሙጋንዳ በሚባለው የጋራ ሥራ ይወጣል፤ የቀረ ሰው እስከ 5,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ሊቀጣ ይችላል። ኬንያ በኦገስት 2017 ያወጣችው ክልከላ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ያስከትላል። ሁለቱም ጋ የሚያስቸግረው በድንበር በኩል ተደብቆ የሚገባው ፌስታል ነው። የሩዋንዳን አነስተኛ ቅጣትና መደበኛ ቅዳሜ ከኬንያ አስፈሪ ቁጥር እንመርጣለን።

እስካሁን የተመሰገነው ሁሉ የማይደርስበት አንድ ዕቃ አለ፤ የሲጋራ ቁራጭ። ባርኮድ የለውም፣ ማስያዣ ሊጣልበት አልተቻለም፣ ጠራጊ በጡብ መካከል ሊያወጣው ይቸገራል። ብዙ አጫሽ ጥጥ ወይም ወረቀት ይመስለዋል። ማጣሪያው ግን ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ዝናብ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያ የትምባሆ አምራቾች የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ለአጫሹ ዛሬ ያለው መፍትሔ ጃፓኖች በኪሳቸው የሚይዙት ትንሽ መተርኮሻ ነው። ሲመርጡ ውስጡ በአሉሚኒየም የተለበጠና አፉ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ በደንብ ያልገጠመ ሽታው ኪስ ውስጥ ይወጣል። ቁራጩን መጀመሪያ አጥፍተው ይክተቱ፤ ሲሞላም ሳይውል ሳያድር ይገልብጡት፤ የሞላ መተርኮሻ አልዘጋ ሲል ቁራጩ ተመልሶ መሬት ላይ ይወድቃል።